አንድ ቃል ሁለት ጊዜ አይደገም

እህቴ ነርስ ናት። አየር ጤና አካባቢ ትሠራበት የነበረው ክሊኒክ ሲዘጋ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ኮልፌ፣ እኔና እናታችን ወደምንኖርበት ቤት ገባች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ዞረች። በመጨረሻ አንድ የውጭ አገር ሆስፒታል ሊቀጥራት ተስማማ፤ ልጆቿንም ይዛ መሄድ ትችላለች። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለነርሶች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ፈተና እንድታልፍ። ሁለት ጊዜ መፈተን ይፈቀድላታል። ሁለቱንም ከወደቀች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"ካልሆነስ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ካልሆነማ ዓረብ አገር ነዋ። የሰው ቤት እጠርጋለሁ፣ ልጆቹን ለእማዬ ትቼ።"

ይህን ስትል ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። መክተፏን አላቆመችም።

በመጀመሪያው ፈተና ማንበቡን፣ ማዳመጡንና መናገሩን አለፈች። በጽሑፉ ወደቀች። ጽሑፉ ስለ አንድ በሽተኛ ለሌላ ሐኪም የሚላክ ደብዳቤ ነው። ውጤቱ ቁጥር እንጂ ምክንያት የለውም። የጻፈችውን ከትዝታዋ ደብተር ላይ እንድታሰፍርልኝ ለመንኳት። እንደ አብዛኞቻችን በሽምደዳ ያደገች ናትና ከጥቂት ቃላት በቀር ሁሉንም መለሰችው። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። "ጌት" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ዘጠኝ ቦታ ላይ አከበብኩ። ሰውየው ትኩሳት የያዘው በ"ጌት" ነው፣ ከአልጋ የተነሣው በ"ጌት"፣ የባሰበትም፣ መድኃኒት የተቀበለውም፣ ቤቱ የደረሰውም በዚያችው ቃል።

"የወደቅሽው በዚህ ነው" አልኳት።

ከሃያ ዓመት በላይ በዘጋቢነት ሠርቻለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አለቃዬ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ካየ ወረቀቱን መልሶ ይወረውርልን ነበር። "ከንቲባው" ብለህ ከጀመርክ ቀጥለህ "ኃላፊው"፣ ከዚያ "የከተማዋ አስተዳዳሪ" ትላለህ። ደንቡን እንደ ጸሎት ይዤው ኖሬያለሁ። ለእህቴም እንዳለ ሰጠኋት። ከማንም አላጣራሁም። ዜና ቢሆን ኖሮ ምንጭ የሌለውን ነገር ከጠረጴዛዬ አላሳልፍም ነበር።

መዝገበ ቃላቱ ውስጥ "ጌት" ብቻውን ገጾች ይዟል። እህቴ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገነጣጥላ በጀርባው ላይ ገለበጠችው፤ ማግኘት፣ መቀበል፣ መግዛት፣ መድረስ፣ መሆን፣ መረዳት፣ ሄዶ ማምጣት፣ በበሽታ መያዝ። ከእያንዳንዱ ጎን በቀይ ተለዋጩን ጻፈች፤ "ኦብቴይን"፣ "ሪሲቭ"፣ "አኳየር"፣ "ፕሮኪዩር"። ወረቀቶቹን ከልጆቹ አልጋ በላይ ለጠፈቻቸው። በሳምንት ውስጥ ግድግዳው ሞላ።

እናታችን ቆማ ስታየው ቆየችና "እንግሊዞቹ ቃል አጥሯቸው ነው ሁሉን በአንድ የሚሉት?" አለች።

"ኧረ ተርፏቸው ነው እማዬ! ለአንዱ ስንት ተለዋጭ እንዳለው ብታውቂ።"

"ከተረፋቸውማ ለአንቺ ምን አስጨነቃቸው?"

ሳቅን። በዚያ ሰሞን ሦስታችን አብረን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች እጠይቃታለሁ።

"በሽታ ያዘው?"

"ኮንትራክትድ።"

"ባሰበት?"

"ዲቴሪዮሬትድ።"

"በሽተኛው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ምን ይባላል?"

"ክላየንት።"

"በሦስተኛው?"

"ጀንትልማን።"

"ጎሽ!"

አንድ ጠዋት እጇን ከአረፋው አውጥታ ቀና አለች። "ጋሼ፣ ክሊኒክ እያለሁ እኮ ካርድ ላይ ከላይ እስከ ታች 'ፔሸንት' ነበር የምለው። እንዲህ ስሙን ስቀያይር ዶክተሩ ቢያየኝ 'ዛሬ ስንት ሰው ነው የላክሽብኝ?' ይለኝ ነበር።"

"ካርድና ፈተና ይለያያል" አልኳት።

ተመልሳ ማጠቧን ቀጠለች። ስለ ሥራዋ ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር፤ ግን ታላቅ ወንድሟ ነኝ፣ ጽሑፍ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። አልተከራከረችም።

የሁለተኛው ፈተና ውጤት የደረሰው እሑድ፣ ከቀትር በፊት ነው። በራፉ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች፣ አየችና ለእኔ ሰጠችኝ። ጽሑፉን ከበፊቱም ባነሰ ነጥብ ወድቃለች።

እንደ ቀድሞው ደብዳቤውን ከትዝታዋ ጻፈችልኝ። በዚህ ጊዜ እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ሥራዬ አነበብኩት፤ ማን፣ ምን፣ መቼ። መጀመሪያ ላይ አንድ "ፔሸንት" አለ። ቀጥሎ ልብ ድካም ያለበት "ክላየንት" ይመጣል። ከዚያ አንድ "ጀንትልማን" ከደረጃ ወድቋል። መጨረሻ ላይ "ሰፈረር" (ታማሚ) የሚባል ሰው ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። አራት ሰዎች ቆጠርኩ። ከአራቱ አንዱ ሕመሙን ገበያ ወርዶ የሸመተው ይመስላል፤ "ፕሮኪዩር" አድርጎታል።

ሰኞ ዕለት፣ ወራት አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ለዚህ ፈተና ነርሶችን የሚያዘጋጅ አንድ መምህር አፈላልጌ ሁለቱንም ደብዳቤዎች አሳየሁት። ሁለተኛውን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

"በሐኪም ደብዳቤ ላይ በሽተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መጠሪያ ነው ያለው። አለበለዚያ ሰው ይሞታል። ማን ነው እንዲህ ያስተማራት?"

"እኔ ነኝ።"

የመጀመሪያውን እንዲያይልኝ ጠየቅኩት። "ቃላቱ ትንሽ የንግግር ዓይነት ናቸው እንጂ ለመጣል አያበቁም" አለ። "የጣላት የመድኃኒቱን መጠን መዝለሏ ይመስለኛል። በአንድ መስመር ይስተካከል ነበር።"

ቤት ገብቼ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረም።

"ጠርጥሬ ነበር እኮ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ደስ ባለኝ።

"ሌላ ሆስፒታል እንፈልግ።"

"ይሄን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ጋሼ። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሳትበሉ ቆዩልኝ ብላቸው ይሰሙኛል?"

እናታችን ከውስጥ "ሌላ ፈተና የለም ወይ?" አለች።

በሦስተኛው ሳምንት አየር ጤና፣ ከመለዋወጫ መደብር በላይ ወዳለ፣ ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ኤጀንሲ አብሬያት ወጣሁ። ቅጹን የምትሞላው ልጅ ፈጣን ናት፤ አፏም እንደ እጇ።

"የትምህርት ደረጃ?"

"ዲፕሎማ" አልኩ እኔ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሣች። "እንዴ አባት፣ እንዲህ ብዬ ብልከው ማን ይወስዳታል? የተማረች አትታዘዝም ነው የሚሉት።" ወደ እህቴ ዞረች። "ስምንተኛ ክፍል ልበለው፣ እናቴ?"

"በይው።"

"የቀድሞ ሥራ?"

እህቴ ጉልበቴን በእጇ ያዘችው። "የቤት ውስጥ ሥራ።"

ልጅቷ ቅጹን ወደ እኔ አዞረችው። ተጠሪ የሚፈርምበት ቦታ ላይ፣ ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሁለት ቦታ ሐሰት ነው።

"ጋሼ" አለች እህቴ። "ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ቤት እንድረስ።"

ፈረምኩ።