ጸደቀ ያልኩ ዕለት

የምሠራው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ውስጥ ነው። ክፍሌ ኮምፕላያንስ ይባላል። ሰው ሲጠይቀኝ "ሕግ መከበሩን የምናይ ነን" እላለሁ፤ ሥራዬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዋሽንግተን የሚመጣውን ወረቀት አንብቤ ለአለቃዬ በአጭሩ መጻፍ ነው። ቢትኮይን የተባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የያዙ ፈንዶች፣ ብዙ ሰው በጋራ ገንዘብ የሚያስገባባቸው፣ እንደማንኛውም አክሲዮን በገበያ ይሸጡ ወይስ አይሸጡ የሚለው ጉዳይ ሲመረመር፣ ያ ምርመራ የዕለት እንጀራዬ ሆኖ ነበር። የአክሲዮን ገበያዎቹ "ደንባችንን አሻሽለን ይህን እንመዝግብ" ብለው ያመለክታሉ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን ለሕዝብ ያወጣል፣ አስተያየት ይሰበስባል፣ ይጠይቃል፦ ዋጋውን የሚያጭበረብር ቢነሳ ማን ያየዋል? ንብረቱ የት ይቀመጣል? ማንስ ይጠብቀዋል? ከዚያ ቀነ ገደቡን ያራዝመዋል። ደግሞ ያራዝመዋል። እኔም "ተራዝሟል" ብዬ እጽፋለሁ።

ከቢሮዬ ውጭ ይህን ነገር በጉጉት የሚከታተል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሚኒሶታ ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ አፓርታማ ነበረቻቸው፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ተኝቻለሁ። መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሥራቸው በሽተኞችንና በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎችን በቫን ከቤት ወደ ሆስፒታል ማመላለስ ነው።

ጋሼ በወጣትነታቸው አገር ቤት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚህ እኔ የማነበውን ጉዳይ እንደ ችሎት ነበር የሚያዩት። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱኝ ገና የመኪናውን በር ሳልዘጋ፣

"እህስ? ዛሬ ምን ተባለ?" ይሉኛል።

"አራዘሙት፣ ጋሼ።"

"ሌላ ቀጠሮ ሰጡ በይኛ! ጥሩ ነው። ዳኛ ሲቸኩል ነው የሚያስፈራው።"

ቀጠሮው በተላለፈ ቁጥር የሳቸው እምነት ይጨምር ነበር። እዚህ አገር አንድ ነገር እንዲህ ተበጥሮ፣ ተንገዋልሎ ነው የሚያልፈው ይሉ ነበር። እኔም አልተቃወምኩም። አንድ ሰው እንኳ ሥራዬን ከቁም ነገር ስለቆጠረልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ውሳኔው የወጣው በብርዱ ወቅት ነው። መሥሪያ ቤቱ ፈቀደ። ያን ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለዚህ ሆነ፤ አንዱ መንግሥት ዋስ ሆነ ይላል፣ ሌላው ዶላር ሊቀር ነው ይላል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ደወሉልኝ። "ሥራሽ ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አስረጂልን" አሉኝ።

ሁለት ገጽ አዘጋጀሁ። በመጀመሪያው ገጽ የተፈቀደው ምን እንደሆነ ጻፍኩ። ዋናው ነገር ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር፦ የተፈቀደው ገበያው ፈንዱን እንዲሸጥ ብቻ እንደሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ "ለቢትኮይን ምስክር አልሆንም" ማለቱን፣ ሰው ያለውን ሊያጣ እንደሚችል፣ በዚህ ስም የሚመጣ አጭበርባሪም እንደማይጠፋ። ይህን ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

አዳራሹ ምድር ቤት ነው። ሰው ከጾም በኋላ ሳህኑን ይዞ ይበላል፣ ልጆች በወንበሮቹ መሃል ይሯሯጣሉ። ማይክሮፎኑን ይዤ፣ "ከብዙ ምርመራ በኋላ መንግሥት አጽድቆታል" አልኩ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ቀና ብለው፣

"ጸደቀ ስትዪ፣ ልጄ፣ እንደ ጻድቃኑ?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በእኛ ቋንቋ አዋጅም ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል፣ ሰውም ይጸድቃል። "ተፈቀደ" ማለት እችል ነበር። እኚያ እናት የጠየቁት ቀልድ ሳይሆን ትክክለኛው ጥያቄ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ስቄ አለፍኩት።

የመጀመሪያውን ገጽ ስጨርስ ሊቀመንበሩ የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አዳራሹን ሊገቡበት ነው። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብል ይሰጡኝ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ ግን ሁለተኛውን ገጽ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና "ጥያቄ ያላችሁ በኋላ አናግሩኝ" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። በጥፋቴ ውስጥ በጣም የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው። ጊዜ አጥቼ ብቻ አልነበረም የተውኩት፤ ጭብጨባው በመልካም ዜና ላይ እንዲመጣ ፈልጌ ነበር።

ጋሼ ካፖርቴን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ፊታቸው በርቷል። "በስተመጨረሻ ፈረዱ!" አሉ።

ከዚያ በኋላ በረዶው ሳይቀልጥ አንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ደወሉልኝ። ጋሼ በሥራ ሰዓት አይደውሉም፤ ደንግጬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

"ምንም የለም፣ አትደንግጪ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ያ ነገር ጸድቋል፣ አይደል?"

"አዎ ጋሼ፣ ጸድቋል።"

"ርግጠኛ ነሽ?"

"ርግጠኛ ነኝ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። በይ ሥራሽን ሥሪ።"

በእኛ ክፍል ለውጭ ሰው ይህን ግዛ፣ ያን ሽጥ ብሎ መምከር ክልክል ነው። ስለዚህ አጭር መልስ መስጠቴ እንደ ጥንቃቄ ተሰማኝ። ደንቡን አከበርኩ ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። የትኛው ነው? ማን ነው ያመጣልዎት? ብዬ ብጠይቅ ኖሮ የሚከለክለኝ ደንብ አልነበረም። አልጠየቅሁም።

ጸደይ ሲሆን የመኪናዬ ፍሬን ተበላሽቶ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ጎዳና ላይ ያለ ጋራዥ ትቼው ነበር። ላመጣው ስሄድ ጋሼ ወሰዱኝ። ወንዙን የሚሻገረውን ድልድይ እንዳለፍን ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

"ሙያሽ ስለሆነ እስቲ እይልኝ። ገንዘቤን ላውጣ ብል፣ መጀመሪያ ታክስ ክፈል ይሉኛል።"

ስልኩ ላይ የጫኑትን አፕ ከፈትኩት። አረንጓዴ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ስሙ ከተፈቀዱት ፈንዶች ከአንዱ ጋር አንድ ነው፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ተጨምራለች። የተፈቀዱት ደግሞ በደላላ ድርጅት በኩል እንደማንኛውም አክሲዮን ነው የሚገዙት፤ የራሳቸው አፕ የላቸውም፣ ገንዘብህን ለማውጣት ክፈል የሚል ሕግም የለም።

"ከየት አገኙት፣ ጋሼ?"

"አንድ ልጅ ደወለልኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፤ አባቴ እያለ ነው የሚያናግረኝ። በመንግሥት የጸደቀው ይኼ ነው አለኝ። እኔም ዝም ብዬ አላመንኩትም። አንቺን ጠየቅሁ።"

"ምን አስገቡ?"

"የጡረታዬን።"

"ሁሉንም?"

መኪናውን ያቁሙልኝ አልኳቸው። አንድ የጎማ ሱቅ በር ላይ ጥግ ያዙ።

"ይኼ ያ አይደለም፣ ጋሼ።"

"የቱ?"

"የተፈቀደው። ይኼ በየትኛውም ገበያ የለም። ሌቦች ናቸው።"

መኪናው ቆሞ ሳለ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነበር። "ታዲያ የጸደቀው ምኑ ነው?" አሉ። በአዳራሹ ልናገረው የሚገባኝን፣ ሁለተኛውን ገጽ፣ እዚያ የጎማ ሱቅ በር ላይ ለአንድ ሰው ነገርኩ። እሳቸው እንደ ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያበቃ፣ "ለባለቤቴ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ እንዳትነግሪያት" አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። መኪናዬን እስካወጣ ጠበቁኝና፣ ፍሬኑ እንደሠራ አይተው ሄዱ።

ባንክ ሄድን። ያነጋገረችን ሴት በትህትና፣ ገንዘቡን የላኩት ጋሼ ራሳቸው በፈቃዳቸው ስለሆነ መመለስ እንደማይቻል አስረዳችን። ፖሊስ ቃላቸውን ተቀበለ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤቱታውን የሞላነው ቤታቸው፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኮምፒውተሩን የያዘችው ልጃቸው ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትመልስ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን የምችለውን ልሞክር ብላ ነው መሰለኝ፣ ቃል በቃል እያማጠች በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"አንቺ ነሽ… አፕሩቭድ ነው ያልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ገበያው እንዲሸጠው ነው የተፈቀደው። ጥሩ ነው ማለት አይደለም።"

"ያን ነገርሽው?"

"አልነገርኳቸውም።"

ልጅቱ ዓይኗን ከእኔ አነሳችና ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። እናቷ ከኩሽና ወጡ። እትዬ ነው የምላቸው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ ገና የሥራ ልብሳቸውን አላወለቁም።

"ተያት፣ አንቺ ልጅ" አሉ። "እሷ ምን አጠፋች? ሌባው ሌላ ነው።"

ሳህን አምጥተው ከፊቴ አስቀመጡ። "ብዪ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ፣ ከቤቴ ውጪልኝ ቢሉኝ የምይዘው ነገር አገኝ ነበር። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። ውሃ ጠጣሁና አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሊቀመንበሩን ለመንኳቸው፤ "በዚህኛው ጊዜ የእጅ ሰዓትዎን አያሳዩኝ" አልኳቸው። ሰዉ ከመጀመሪያው ጊዜ ያነሰ ነበር፤ ክፉ ዜና ለመስማት የሚቀር ጥቂት ነው። ያን ቀን ጸደቀ ያልኩት ጥፋት ነበር አልኩ። አንድ መሥሪያ ቤት የመረመረው ገበያው እንዴት እንደሚሸጠው እንጂ እናንተ እንደማትከስሩ አይደለም አልኩ። ማንም ቢደውልላችሁ፣ አባቴ ቢል፣ እናቴ ቢል፣ ስልኩን ዝጉት አልኩ። የጋሼን ነገር አላነሳሁም። እሳቸውም አልነበሩም። እሑድ ሥራ ገብተው ነበር፤ ካወቅኋቸው ጀምሮ እሑድ ሠርተው አያውቁም። እትዬ ግን በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። አንድም ጊዜ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። ምን ያስቡ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስጨርስ የሚያጨበጭብ አልነበረም። አንድ ታክሲ የሚነዳ ሰውዬ ደረጃው ሥር ጠብቆ ያዘኝ። አባቴ እያለ የሚያናግረው ያው የአዲስ አበባ ልጅ ለእሱም ደውሎለታል። "ነገ ልልክለት ነበር" አለኝ። እጄን ይዞ አልለቅ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እግዚአብሔር ነው የላከሽ" አለኝ። የዚህን ሰው መዳን ጋሼ እንደከፈሉለት እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ገንዘቡ አልተመለሰም። አቤቱታው ደርሶናል የሚል መልስ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም። ጋሼ በዚያው ዓመት ሊያቆሙት የነበረውን ሥራ ቀጠሉ፤ እትዬም የቅዳሜ ሺፍት ጨመሩ። እኔ ልረዳቸው ስሞክር፣ ጋሼ በቁጣ ሳይሆን በፈገግታ ነው የመለሱኝ፤ ፈገግታው ግን በር እንደመዝጋት ነበር። አሁንም ይጠሩኛል፣ ለልጃቸው ምርቃት ጠርተውኝ ሄጃለሁ። አሁንም ሰው ሲያስተዋውቁኝ "ልጄ ናት" ይላሉ።

ባለፈው ብርድ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቀይ መብራት ያዘኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ነጩን ቫን አየሁት። ንፋሱ በረዶውን በጎን ይነዳዋል። ጋሼ ኮፍያ አላደረጉም። የቫኑን የዊልቸር ማንሻ ዝቅ አድርገው አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከነዊልቸሯ እያወረዱ ነበር፤ የሴትየዋን ብርድ ልብስ አገጯ ድረስ ሳቡላት፣ አንድ ነገርም አሏት፣ ሳቀች። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

ክላክስ ማድረግ ነበረብኝ። መስኮቱን አውርጄ "ጋሼ!" ማለት ነበረብኝ። የደወሉልኝ ዕለት ባልጠይቃቸው እንኳ፣ አሁን ደኅና አደሩ ማለት ነበረብኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላዬ ያለው መኪና ጮኸብኝ። ፊቴን በሻርፔ ሸፈን አድርጌ በሌላኛው መንገድ ታጥፌ ሄድኩ።