የኔታ መርሻና የደጃፉ ሥርዓት

የኔታ መርሻ ሊፈቱት የተነሡት ችግር ይህ ነበር፤ በጦር ሠፈር መካከል የሚያድግ ሕፃን ሰው ማክበርን ከማን ይማራል?

በዚያ ዘመን ደብረ ታቦር የሠራዊት ከተማ ነበረች። በየኮረብታው ድንኳን ተተክሏል፤ ጋፋት ላይ መድፍ ይሠራል፤ ከእብናት እህል የጫነ አህያ፣ ከአንበሳሜ የሚነዳ ሠንጋ ሲገባ ይውላል። ወታደሩ በየገበሬው ቤት ተመድቦ ይበላል፣ ያድራል። ሲገባ አይጣራም፤ አባወራውን «አንተ» ይለዋል፤ ሽማግሌ ሲናገር ያቋርጣል። ልጅ ደግሞ የነገሩትን ሳይሆን ያየውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ፊደል ሊቆጥሩ ወደ የኔታ መርሻ ጎጆ የሚመጡት ሕፃናት ሁሉ ትንንሽ ወታደሮች ሆነው ነበር። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይጮኽበታል። «ቤቶች!» ብሎ መጣራትን እንኳ መጫወቻ አደረጉት። በተለይ ሞላ የሚባለው የስምንት ዓመት ቀበጥ አርፍዶ ይመጣና ከደጅ ሆኖ፣

«ቤቶች! የኔታ አሉ ወይስ ዘመቱ?» ይላል።

ውስጥ ያሉት በሳቅ ይንከተከታሉ። የዚያን ቀን ትምህርት በዚያው አበቃ።

ሌላ መምህር ቢሆን አለንጋውን ያነሣ ነበር። ወላጆቹም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። የሞላ አባት ልጁን ሲያስረክብ እንደ አገሩ ደንብ፣ «የኔታ፣ ሥጋው የአንቱ፣ አጥንቱ የእኔ» ብሎ ነበር።

«ሥጋውንም ይዘኸው ሂድ» አሉት የኔታ፤ «እኔ የምፈልገው ጆሮውን ነው።»

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። የእሳቸው የግራ ጆሮ በልጅነታቸው በአንድ መምህር ጥፊ ደንቁሮ ቀርቷል። ያ መምህር እስኪሞት ድረስ ባዩት ቁጥር ይንቀጠቀጡ ነበር እንጂ አክብረውት አያውቁም። ፍርሃትና አክብሮት ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም አንገት ያስደፋሉ። የሚለዩት ባለሥልጣኑ ዘወር ሲል ነው። የኔታ የፈለጉት እሳቸው ዘወር ቢሉም የሚቆየውን ነበር።

ታዲያ ያለ አለንጋ ከየት ይመጣል? ዘዴያቸው በጣም ደስ የሚል ነውና ቀስ ብለን እንየው። ከበሩ ውጭ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖሩ። ያረፈደ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል፤ አይጣራም፣ አይስቅም፤ የሚያነበው ልጅ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ከዚያ የኔታ ቀና ብለው «ግባ፣ ልጄ» ይሉታል። ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ሰው ሲያነብ ማንም አፉን አይከፍትም። የሚደንቀው ግን ይህን ያስተማሩበት መንገድ ነው። አንድ ማለዳ ራሳቸው ሆን ብለው አርፍደው መጡና ድንጋዩ ላይ ቆሙ። ውስጥ አንድ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል። የኔታ ነጠላቸውን አደግድገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁት። ልጁ ሲጨርስ ሁሉም ወደ ደጅ ዞረው አዩ።

«የኔታ… ይግቡ እንጂ» አለ ሞላ፣ ድምፁ አንሶ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» ብለው ገቡ።

ሞላን «ጌታዬ» ያለው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። በማግሥቱ ድንጋዩ ላይ ለመቆም ብለው የሚያረፍዱ ልጆች መጡ! ክረምቱ ሳይገባ ያቺ ጎጆ ሌላ ሆነች። አንድ ልጅ ሲያነብ የሌሎቹ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። መንገደኛው ቆም ብሎ ያዳምጥ ነበር።

ሥርዓቱን ከሁሉ አብልጦ የወደደው እሸቴ ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናቱ ትርንጎ ከወንዙ ማዶ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ታሳድገዋለች። እሸቴ ድንጋዩ ላይ ሲቆም ሁለት እግሮቹን አግጥሞ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው። የኔታም ለሌሎቹ «እሸቴን እዩት» ይሏቸው ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከጉና በኩል ነፋስ የቀላቀለ በረዶ ወረደ። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነበር፤ የኔታ ድንጋዩን የሚያዩትም በዚያ ነው። የዚያን ቀን ግን ነፋሱ እሳቱን ስለበተነው ከበሩ በላይ የተጠቀለለውን የላም ቆዳ ፈትተው በሩን ጋረዱ። በረዶው ክዳኑን ሲደበድብ ልጆቹ ከእሱ በላይ ለመሰማት እየጮኹ በየተራ አነበቡ። የኔታ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ንባብ ከእነዚህ ልጆች ሰምተው አያውቁም። ይበቃል ማለት ሲገባቸው እንደገና ከመጀመሪያው ልጅ አስጀመሩ።

እሸቴ ወንዙ ሞልቶበት ወደ ላይ ዞሮ ነበር የመጣው። ደረሰ፤ የንባብ ድምፅ ሰማ፤ ድንጋዩ ላይ ቆመ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቆዳውን የገለጠው ልጅ ጮኸ። እሸቴ ግድግዳውን እንኳ አልተጠጋም። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትከሻው ላይ በረዶ ተከምሯል። የኔታ አቅፈው አስገቡት፤ በደበሎ ጠቅልለው እግሮቹን በእጃቸው አሹ።

«ለምን አልተጣራህም፣ ልጄ? ለምን?»

«እያነበቡ… ነበር» አለ እሸቴ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሞላ ማልቀስ ጀመረ። የኔታ ዞር አሉ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንህ?»

«እግሩን አይቼ ነበር። በቆዳው ሥር።»

«አይተህ ዝም አልህ?»

«ሰው ሲያነብ አይነገርም ብለዋላ፣ የኔታ! ከዚያ ተራዬ ደረሰና አነበብሁ።»

እሸቴን ውጋት ያዘው። ሳምንት አልቆየም፤ ማርያም ተቀበረ።

የኔታ ለቅሶ ሊደርሱ ወንዙን ተሻገሩ። ትርንጎ ከተቀመጠችበት ቁርበት ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እንድትቀመጥ ቢለምኗትም እሳቸው ሳይቀመጡ እሺ አላለችም።

«የኔታ፣ ልጄ አስቸግሮዎት ነበር ወይ?»

«ኧረ በፍጹም! እንደሱ ያለ ልጅ አልነበረኝም።»

«እንግዲያስ በምን ጥፋቱ ደጅ ቆመ?»

«አላየሁትም፣ ትርንጎ። በሩን ጋርጄ… አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እንዲህ አይበሉ።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔም አለሁበት። ማለዳ ስሸኘው ‹የኔታ ሳይሉህ ብትገባ ወዮልህ› እለው ነበር። ጎረቤቱ ‹አቤት ጨዋነቱ!› ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጨዋ አድርገውልኝ ነበር እኮ፣ የኔታ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ብትሰድባቸው በቀለላቸው ነበር። ሲመለሱ የትኛውን መንገድ እንደያዙ አላወቁትም።

የደብሩ አለቃ ሊያጽናኗቸው መጡ። «በረዶው የመጣ ከላይ ነው፤ ሥርዓትዎ መልካም ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?» አሏቸው። የኔታ ግን በዚህ አልተጽናኑም። አሰቡ፤ ነገሩን ከሥሩ ጀምረው እያገላበጡ አዩት። ዝምታን በሚገባ አስተምረዋል፤ ዝምታ የሚፈርስበትን ሰዓት ግን አላስተማሩም። አንድን ሰው ማክበር ሲናገር ማዳመጥ ብቻ አይደለም፤ ገደል አፋፍ ሲደርስ መጮኽም ነው። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ረስተውታል።

ስለዚህ ድንጋዩን አንሥተው ወረወሩት፤ ልጆቹንም ሰብስበው፣ «ከእንግዲህ የበረደው፣ ያመመው፣ ሌላው ሲቸገር ያየ፣ እኔም ብሆን እያነበብሁ ያቋርጠኝ» አሏቸው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው በአክብሮት ሰሙ። ከዚያ በኋላ ማንም አላቋረጠም። አንድ ማለዳ የተከለው ነገር በወራት አልነቀል አለ። እንዲያውም ከእሸቴ ወዲህ ዝምታው ባሰ። ያ ቀበጡ ሞላ ቤቱ ሳለ እንኳ ውኃ ሲጠማው አይጠይቅም ትላለች እናቱ።

አሁን የኔታ ሌላ ነገር እየሞከሩ ነው። እሳቱ ዳር ይቀመጡና የጋቢያቸውን ጫፍ ፍሙ አጠገብ ጥለው ማንበብ ይጀምራሉ። ጥጡ ይጠቁራል፤ ይጨሳል። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድም አልተናገረም፤ መዳፍ የሚያህል ተቃጠለ። በሌላ ቀን ሞላ በእንብርክኩ ሄዶ ጫፉን ከፍሙ አነሣና ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እጅህ ደግ ነው» አሉት የኔታ። «አፍህስ?»

ሞላ እጆቹን ከጭኑ ሥር ቀበረ።

ውኃ የሚቀዱት ሴቶች የተበሳሳውን ጋቢ እያዩ ይሳሳቃሉ።

«የኔታ፣ ምነው ጋቢዎን አይጥ ለመደው?»

«አይጥ አይደለም። ጨዋ ልጆች ናቸው» ይላሉ የኔታ፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

ዛሬም ጫፉ ፍሙ ላይ ነው። የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ጭሱ ወደ ጉልበታቸው እየወጣ ነው። ሞላ እጆቹን ከጭኑ ሥር ቀብሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ገና ድምፅ የለውም። የኔታ እግራቸውን አልሰበሰቡም። ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋሉ።