አማቴ የህንድ ፊልም ጥለው የወጡ ዕለት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባለቤቴ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺ ከሰዓት በኋላ ግን አልተረሳችኝም።

ደሃና የሚባል አገር ልጅ ነኝ፤ ሰቆጣ ከተማ የገባሁት በጋብቻ ነው። ባለቤቴ ሲሄድ ከእናቱ ከእማማ ጥሩወርቅ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀረን። አማቴ አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። ዝም ብቻ አሉኝ። አንድ ማዕድ ቀርበን፣ እጃችን እየተነካካ፣ ቃል ሳንለዋወጥ እንነሳለን። በአማርኛዬ ሰው ስለሚስቅ ውጭም ጓደኛ አላበጀሁም። የአገሬን ቋንቋ ኽምጣናን የማወራው በገበያ ቀን፣ ዘመድ ሲመጣ ብቻ ነበር። በመጨረሻ መረረኝና በሚቀጥለው ገበያ አብሬው እንድመለስ ከአጎቴ ጋር በድብቅ ተስማማሁ።

በዚያው ሳምንት ወታደሮች የፊልም ማሳያ ይዘው መጡ። ቀበሌው ከየቤቱ ሰው እንዲወጣ አዘዘ። የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው ነበር። ሳልጠብቅ አማቴም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ።

መጀመሪያ የጦር ግንባር ታየ። ወታደሮቹ ተሰልፈው ሲያልፉ አማቴ ብድግ ብለው የእያንዳንዱን ፊት ይመረምሩ ጀመር። ከኋላ ያሉት ጋረዱን ሲሏቸው ተቀመጡ።

ቀጥሎ የህንድ ፊልም መጣ። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ጨርቅ ነጋዴዋ ዘሃራ ግን አስመራ ሳለች ስላየችው፣ አጠገቧ ላለነው ሴቶች በሹክሹክታ ትነግረን ነበር። አንዲት አማት፣ ልጇ ርቆ በሄደበት፣ ምራቷን ታስለቅሳለች። የጓዳውን ቁልፍ ከወገቧ ላይ ፈታ ትወስድባታለች። በኋላም በዝናብ ከቤት ታስወጣታለች። ሴቶቹ እያለቀሱ አማቲቱን ረገሙ። ከመሃላቸው አንዲት ጎረቤታችን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«የእኛዋ ጥሩወርቅ መቼ ነው ህንድ አገር የሄደችው?» አለች።

ሳቁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሆነ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ በሰው ጉልበት መሃል እየተደናቀፉ ወጡ። ጥቂት ቆይቼ እኔም ወጣሁ።

ከአዳራሹ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀና ሳይሉ አናገሩኝ፤ ያናገሩኝም በኽምጣና ነበር። ቋንቋውን እንደሚችሉ እንኳ አላውቅም ነበር። ለካ እሳቸውም በልጅነታቸው ኽምጣና ከሚነገርበት አገር፣ ከፃግብጂ የመጡ ሙሽራ ነበሩ።

«የፊልሙ ልጅ ሄደች?»

«ሄደች፣ እማማ።»

«አሮጊቷስ ከማን ጋር ቀረች?»

ከአጎቴ ጋር ልሄድ መሆኔን እንደሰሙ፣ እንደማይዙኝም ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ዝም የምልሽ ጠልቼሽ አይደለም» አሉ። «አንቺ ስታወሪ ልጄ የሚመልስልሽ ይመስለኛል። እጠብቃለሁ። አይመልስም።»

ጎናቸው ተቀመጥኩ። ከውስጥ የፊልሙ ዘፈን ይሰማ ነበር። መጨረሻውን ሁለታችንም አላየንም።

በገበያው ቀን አጎቴ ብቻውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አወራን ማለት አይደለም። አንዳንድ ቀን ጨው እንዳቀብላቸው በኽምጣና ይጠይቁኛል፤ ለእኔ እሱም ብዙ ነበር። ደርግ ወድቆ ወታደሮች ሲመለሱ መንገድ ዳር አብረን እየተቀመጥን ጠበቅን። የእኛ ሰው አልመጣም። አማቴም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

ያን ጊዜ ለምን ወደ አገርሽ አልገባሽም የሚሉኝ አሉ። እኔም አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። ግን አልጸጸትም። ዛሬም የምኖረው እዚያው ቤት ነው። ቤቱ እንደ ድሮው ዝም ያለ ነው። ያኔ ግን ዝም የምንለው ሁለት ሆነን ነበር።