በነቢያት ጾም የመጣች እንግዳ

እማዬ እሷ ወተት በማትቀምስበት በነቢያት ጾም፣ ወተት አሙቃ የአሳማ ግልገል ያጠባችው ለምን ነበር? እዚህ ጀርመን፣ ሳክሰንሃውሰን በሚባለው ሰፈራችን ፖም ሲጨመቅ የሚወጣው ጎምዛዛ ሽታ በመስኮቴ በገባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

አባዬ ያኔ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የፖም ጠጅ የሚሸጥ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበር። ቅጠሉ ሲረግፍ ቅዳሜ ቅዳሜ የፖሙን አተላና የድንች ልጣጩን በበርሜል ጭኖ ሄር ኩርት፣ ማለትም አቶ ኩርት፣ ወደሚባል ገበሬ እርሻ ይወስድ ነበር፤ እኔም ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ አብሬው እየሄድኩ ከጀርመንኛ ፊደል በፊት የአሳማ አያያዝ ተማርኩ። ሄር ኩርት መኖ መግዛት አይወድም፤ አሳማዎቹ ብርድ የማይበግራቸው የአገሩ ነባር ዘር ሆነው፣ አተላውን በልተው፣ ዛፍ ሥር የወደቀውን ለቅመው፣ በአሮጌ ሳንቃ በተሠራ ጋጣ ገለባ ውስጥ ተቃቅፈው ያድሩ ነበር።

በረዶው ሲጀምር አንዷ ከጡቶቿ ቁጥር በላይ ወለደች። የመጨረሻዋ ግልገል እየተገፋች ከሳች፤ ሄር ኩርትም «ጡጦ ይዞ የሚቀመጥላት ሰው የለኝም፣ የዱቄት ወተቱም አያዋጣኝም» አለ። አባዬ ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ ቤት ይዟት መጣ።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል? በጾም?» አለች እማዬ በሩን ይዛ።

«ብያት አላልኩሽ፣ አጥቢያት ነው ያልኩሽ።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሰማስ? በምን ፊቴ እቆማለሁ?»

«ማን ይነግራል?» አለ አባዬ፤ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ግልገሏ ካርቶን ውስጥ ሆና መታጠቢያ ቤት ገባች። እማዬ «አሳማ» የሚለውን ቃል ላለመጥራት «እንግዳዋ» ትላት ነበር፤ ወተቱን የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ትለካና፣ «ጠጪ እንጂ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ!» እያለች በታናሽ ወንድሜ ጡጦ ታጠባትና፣ ከዚያ እጇን እንደ ሐኪም እስከ ክርኗ ታሽ ነበር።

ለገና እትዬ ዘውዴ መጡ፤ በማኅበራችን የሚፈሩ፣ የሰው ድስት ከፍተው የሚያዩ ሴት ነበሩ። ገና ከመቀመጣቸው እንግዳዋ ጮኸች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ማሞቂያው ነው እትዬ፤ የሕንፃው ጠጋኝ፣ ሃውስማይስተሩ፣ የቀጠሮ ቀን፣ ቴርሚን ሰጥቶናል» አለች እማዬ።

«እነዚህ ጀርመኖች! ለሁሉ ነገር ቴርሚን!»

እኔ ሳቄን በዳቦ ዋጥኩት።

ጸደይ ሲገባ እንግዳዋ ወፍራ ካርቶኑን ስትቀድ አባዬ ወደ እርሻው መለሳት፤ እማዬም «ይህ ነገር እዚሁ ይቅር» አለችኝ፣ ቀረም።

ያ ማሳ ዛሬ ሪድበርግ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ያለበት አዲስ ሰፈር ሆኗል፤ አሳማዎች ባለፉበት ተማሪዎች ያልፋሉ። የእኔም ቤት መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ነው፤ ግን በሩን አንኳኩቶ የሚገባ እንግዳ ብዙም የለውም።

እማዬ ካረፈች በኋላ አንድ እሑድ እትዬ ዘውዴን ልጠይቅ የአረጋውያን ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸውን ቋጥረው ሰሙኝ፤ ለእማዬ ስም ፈራሁ።

«እና ምን ሆነች?» አሉ።

«ዳነች እትዬ። አደገች፣ ወለደች፤ ሄር ኩርት አላረዳትም።»

«እሰይ!» አሉ ጉልበቴን መታ አድርገው። ከዚያ ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በይ እንግዲህ፣ ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ።»