አልዘጋ ያለው ኢሜይል

ያን ኅዳር እግሬ ላሊበላ አደረሰኝ። እኔ አንድ ቦታ አልረጋም። ወገል ጤና እህቴ ዘንድ ከርሜ፣ ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ለምኜ ተሳፍሬ፣ የልጅ ልጄ ዘንድ መጣሁ። እሷ ያኔ አንድ ሆቴል ገብታ ነበር። የውጭ አገር እንግዶች በኮምፒዩተር የሚጽፉትን እየተቀበለች መልስ ትሰጣለች፣ ክፍል ትይዝላቸዋለች። የያዟት ግን ገና ለሙከራ ነው።

ብቻዬን መዋል አልወድም። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ቢሮዋ እገባና ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ቁጭ ነው። ማንም ውጪ ያለኝ የለም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ ግን ወደ ማታ ጣጣ መጣ። ሥራዋን ጨርሳ ኢሜይሉን ልዝጋ ስትል አይዘጋም። መስኮቱ ነጣ ብሎ ይደርቃል። አንዲት ወገበ ቀጭን የአሸዋ ሰዓት መሐሉ ላይ ትገለባበጣለች፣ ትገለባበጣለች። ብትጫነው አይሰማ፣ ብትጠብቀው አይጨርስ። ጄኔሬተር የሚያጠፋው ዘበኛ በር ላይ ቆሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ ነዳጁን አባትሽ ነው የሚገዛው?» ይላታል። መላ ሲጠፋት ገመዱን ትነቅለዋለች። በግድ የተዘጋ ነውና ጠዋት ስትከፍተው ደግሞ፣ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ሁሉ ሲፈትሽ ረፋዱ ያልፋል።

ሥራ አስኪያጁ ይሄን ሲያይ ሰነበተ። አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ፣ «ለገና እንግዳ የምናገኘው በዚህ ማሽን ነው። ስትጽፊላቸውም መልስ መስጠት ትተዋል። ስመለስ እንዲሁ ካገኘሁት ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አላት።

አላለቀሰችም። ወደ ቤት ስንሄድ ብቻ፣ «እምዬ፣ ከዚህ ካስወጡኝ ዓረብ አገር ነው የምሄደው፤ ፓስፖርቴ ደርሷል» አለችኝ። ከአገራችን የሄዱትን አውቃለሁ። ቤት የሠሩም አሉ፣ ወሬያቸው የጠፋም አሉ። እንዳትሄድ ልለምናት አፌ ላይ መጣ፤ ግን በምን አበላታለሁ ብዬ ዋጥኩት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የሚያስተምር ወጣት ለምና አመጣች። የደሴ ልጅ ነው፣ እስላም ነው። ሲገባ ከኔ ጀመረ።

«እንዴት አደሩ እማማ? ሥራ አስኪያጇ እርስዎ ነዎት?»

«ዘበኛዋ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው አያስወጡኝ!»

ልጄ መሳቅ አላማራትም። «መምህር፣ ተበላሽቷል?» አለችው።

«አብሽሪ፤ ገና አላየሁትም።»

እንደ ሐኪም ነው የጠየቃት። ከመቼ ወዲህ ነው? ከወሩ መባቻ ወዲህ። ሌላውስ ይደርቃል? ሌላው ደህና ነው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከስልክ ያገናኘውን ሽቦ ነቀለና «አሁን ዝጊው» አላት። ዘጋችው። ወዲያው ተዘጋ።

«ዳነ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ኧረ ይቀመጡ እማማ! ሽቦው ተነቅሎ ደብዳቤ በምን ይሄዳል? ፕሮግራሙ ጤነኛ መሆኑን ነው ያወቅነው። ሊዘጋ ሲል የቀረ ደብዳቤ ካለ ብሎ ከውጭ ጋር ይነጋገራል፤ እዚያ ላይ ነው የሚይዘው።»

ሽቦውን መለሰና እንደገና አዘጋት። ደረቀ። እሱ አልቸኮለም። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ጫን ሲያደርግ፣ ከመስኮቱ ኋላ ተደብቃ የቆየች ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለች።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። እሺ እላታለሁ፣ ትሄዳለች።»

«ማታም መጥታ እሺ እስክትያት ቆማ ነበር እኮ! እንግዳ ደጅ ላይ አቁመሽ በሩ አልዘጋ አለኝ ትያለሽ?»

ጽሑፏን አነበበ። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አየና ግንባሩን ያዘ።

«ደብዳቤ የሚያደርስልን የውጭው ማሽን መታወቂያ አለው። ያ መታወቂያ የሚጀምርበት ቀን ገና አልደረሰም ነው የሚለው። ለምን አይል! ይሄ ኮምፒዩተር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። በሐበሻ ቀን ማን ሞላው?»

ልጄ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ።»

«በአላህ! ለምን?»

በዓይኗ ወደኔ አመለከተች።

ያኔ ገባኝ። ካረጀሁ ወዲህ ቀን ይጠፋብኛል። በመጣሁ ሰሞን የመድኃኔዓለም ዕለት ሳላውቅ ልብስ ሳጥብ ዋልኩና ከፍቶኝ ሰነበትኩ። ከዚያ በኋላ «ልጄ፣ ዛሬ ማን ይውላል?» ስላት፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ «አሥራ ሁለት ነው እምዬ፣ ሚካኤል» ትለኛለች። እንዴት ያለ ልብ ሰጣት እያልኩ እኮራባት ነበር። ለካ ለኔ ብላ ማሽኑን በኛ ቀን ሞልታ፣ እሱን እያየች ኖሯል!

«ቀን ሲጠፋባቸው ይከፋቸዋል» አለችው ቀስ ብላ።

መምህሩ ሊስቅ ሲል ተወው። «እንግዶቹ ዝም አሉ ያልሽኝም ለዚህ ነዋ! የላክሽላቸው ሁሉ የሰባት ዓመት ደብዳቤ እየመሰለ ከሌላው ሥር ተቀብሯል። ለእማማ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ግዢላቸው እንጂ!»

ቀኑን አቃናው። ዘጋች፤ ተዘጋ። ከፈተች፣ ዘጋች፤ ተዘጋ። ያቺ ትንሽ ጽሑፍም አልመጣችም። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

እኔ ግን ሳቄም እንባዬም ተቀላቀለ። ብዙ አገር ዞሬአለሁ፤ ብዙ ሰው አብልቶኛል፣ አሳድሮኛል። ቀኔ እንዳይጠፋብኝ ብሎ ያሰበልኝ ግን ከሷ በቀር ማን አለ? እንጀራዋን ሊያሳጣት የነበረውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እሰይ እንዳልል ያስፈራል፣ እንዳልቆጣም አልችልበት።

መምህሩን ማር ላምጣልህ ብለው እምቢ አለ። «ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ይበቃኛል» ብሎ መዳፎቹን ዘረጋ። መረቅሁት፤ እሱ አሚን ሲል ልጄ አሜን ትላለች። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አለ።

ያን ዕለት ለእንግዶቹ ሁሉ እንደ አዲስ ጻፈችላቸው። ሥራ አስኪያጁ ሳይመለስ መልሱ ይገባ ጀመር። የመጣ ዕለት ከኋላዋ ቆሞ የገቡትን መልሶች አየ። «እስቲ ዝጊው» አለ። እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ እመቤቴን ጠራኋት። ተዘጋ።

ቁልፎቹን ከጠረጴዛው አነሣና በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ነገ ቀደም ብለሽ ግቢ፤ ከአውሮፕላን የምንቀበለው ሰው አለ።»

ወጥቶ ሲሄድ ልጄ አልተነሣችም።

«ሰሙት እምዬ? ነገ አለኝ።»

«ሰማሁ» አልኳት። «ተነሺ፣ እንግዲያው በጊዜ ገብተሽ ተኚ።»