የብርጓልና ከጎኗ የቆመው ሲምባል መቺ

የብርጓል አካለ ወልድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የማርሽ ባንድ አሥራ አራት ዓመት ትራምፔት ነፍታለች። አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ በደብረ ወርቅ ድጓ ያስተምሩ ስለነበር፣ ዜማ የገባት በጆሮዋ ነው። ልጅ ሳለች ተማሪ ሲስት ከጓዳ ሆና በለሆሳስ ታቃናው ነበር፤ አባቷም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፏት ነበር። እሳቸው ሲያርፉ እናቷ እማሆይ ደብሪቱ ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ አምበር ተመለሱ። እሷ ግን ደብረ ማርቆስ መጥታ ባንዱ ውስጥ ገባች፤ ከጊዜ በኋላም መክፈቻ ዜማ ሁሉ የእሷ ሆነ።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ፕሬዚዳንቱ አዲስ የተሠራ የእህል ማከማቻ ሊመርቁ እንደሚመጡ ተሰማ። ከምርቃቱ አራት ቀን በፊት የጥበቃ ሰዎች ቀድመው ገቡ። የባንዱን መሣሪያ ሁሉ መሬት ላይ አስደርድረው በውሻ አስነፈነፉ፤ የቱባውን ቱቦ በባትሪ አዩ፤ የትልቁን ከበሮ ቆዳ አስፈትተው ውስጡን ፈተሹ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ፎርም ታደለ።

አንዱ ጥያቄ «ወንድምና እህት፣ ሥራቸው፣ አሁን የሚገኙበት ቦታ» ይላል። የብርጓል ያላት ወንድም አንድ ነው፤ አንሙት ይባላል፤ አምበር አስተማሪ ነበር። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ጫካ ገብቷል የሚሉ አሉ፤ ታስሯል የሚሉም አሉ። እናቱ የሚያውቁት ጋቢውን ሳይለብስ መውጣቱን ብቻ ነው።

የባንዱ መሪ ጋሽ ምስጋናው ፎርሟ ባዶ መሆኑን አይተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሥራ ያስጀመሯት እሳቸው ናቸው።

«ገበሬ፣ አምበር ብለሽ ጻፊና ተገላገይ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ተጣርቶ ውሸት ሆኖ ቢገኝስ ጋሼ?»

«እውነቱን ብትጽፊስ ምን የሚያደርጉሽ ይመስልሻል?»

እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። የከበዳት ውሸቱ አልነበረም። የጠፋ ወንድሟን በገዛ እጇ እናቷ ቤት አስቀምጣ፣ «ይኸው አለ» ማለቱ ነው ያቃታት። በመጨረሻ «አስተማሪ ነበር። የት እንዳለ አላውቅም» ብላ ጻፈችና ሰጠች።

በማግስቱ ስሟ ከዝርዝሩ ላይ ተሰርዞ መጣ። ጋሽ ምስጋናው የጥበቃው ኃላፊ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የአቀባበሉ ሙዚቃ የሚከፈተው በአንድ ትራምፔት ነው፣ በሦስት ቀን ሌላ ሰው ማሠልጠን አልችልም፣ ብለው ተከራከሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረም።

«ትነፊያለሽ» አሏት። «ግን አንድ ሰው ከጎንሽ ይቆማል። የእኛን ዩኒፎርም ለብሶ ሲምባል ይይዛል።»

«ሲምባል ይችላል?»

«አይችልም።»

ሰውየው ይስማው ይባላል። የእስቴ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የተሰጠው ኮት ከእጅጌው አጥሮበት ነበር። መጀመሪያ ቀን ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ «እኔ ከእርስዎ ጎን እቆማለሁ። ሌላ ትእዛዝ የለኝም» አላት።

የብርጓል ልታኮርፈው አስባ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን የናስ ሳህኖች፣ ሲምባሎቹን፣ እንደ ምጣድ ክዳን ሲያጋጫቸው ጆሮዋ አልቻለም።

«እንደሱ አይደለም፤ ፊት ለፊት ካጋጨኸው ይታፈናል። አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ አድርግና አሳልፈው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሁን!»

ቀድሞ መታ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ዘገየ። ባንዱ በሙሉ ሳቀ።

«አትቸኩል» አለችው። «ከመምታትህ በፊት እኔን እይ። ትከሻዬ ሲነሳ ነው።»

«እኔ መች ከእርስዎ ላይ ዓይኔን አነሳሁ?» አለ።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሱ የተናገረው ነገር ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው፤ ይስማውም ሲምባሎቹን እንደገና አነሳ።

ሦስት ቀን አብረው ተለማመዱ። በእረፍት ሰዓት ቆሎ ስትሰጠው ይቀበላት ነበር። እናቱ ስለሚሠራው ሥራ እንደማያውቁ፣ ሹፌር ነው ብለው ለጎረቤት እንደሚያወሩ አጫወታት። እሷም ስለ አባቷ ነገረችው። ስለ አንሙት ግን አልጠየቃትም፤ እሷም አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን ሲምባሉን በሰዓቱ መታው፤ ጋሽ ምስጋናውም አጨበጨቡለት።

የምርቃቱ ዕለት ባንዱ ማከማቻው ፊት ባለው አደባባይ ቦታውን የያዘው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እንግዳው የሚደርሱት አራት ሰዓት ላይ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል፤ ባጃጅ እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ጣራ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል። ማንም እጁን ኪሱ እንዳይከት፣ ከሰልፍም እንዳይወጣ ተነግሯል።

ትራምፔት የሚነፋ ሰው ብርድ ሲሆን የሚያደርገው ነገር አለ። ከንፈር ላይ የሚያርፈውን ማውዝፒስ ይነቅልና ብብቱ ሥር አድርጎ ያሞቀዋል፤ በቀዘቀዘ ብረት ዜማ ከጀመሩ ድምፁ ይሰበራል። የብርጓል ይህን ማድረግ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይስማውን አለቃው ለጥቂት ደቂቃ ጠራው። እሷም በዚያ መሃል ማውዝፒሱን ነቅላ ኮቷ ውስጥ ከተተችው። ተመልሶ ከጎኗ ሲቆም ልትነግረው እንኳ ትዝ አላላትም።

ድንገት ሳይረን ተሰማ። ጥቋቁር መኪኖች ጥግ ዞረው መጡ። ጋሽ ምስጋናው ባንዱን የሚመሩበትን ዘንግ አነሱ። የብርጓል እጇን ኮቷ ውስጥ ሰደደችና የሚያብለጨልጨውን ብረት አውጥታ ወደ አፏ አቀረበች።

ይስማው ያየው የወጣውን እጅና ብረቱን ብቻ ነው። ሲምባሎቹን ለቀቀና ክንዷን በሁለት እጁ ያዘ። የያዘችው ብረት በራሷ ጡጫ አፏ ላይ አረፈ። ሲምባሎቹ አስፋልቱ ላይ ሲወድቁ የወጣው ድምፅ አደባባዩን ሞላው። ጣራ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወደ ባንዱ ዞሩ።

«እንዳትንቀሳቀሱ!» አሉ ጋሽ ምስጋናው በጥርሳቸው መሃል። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ዘንጋቸውን ዝቅ አድርገው ምልክት ሰጡ፤ መክፈቻው የሷ መሆኑን ትተው ባንዱን በሙሉ አስነሱት። ሙዚቃው ገባ።

ይስማው መዳፏ ላይ ያለው ማውዝፒስ መሆኑን አየና ክንዷን ለቀቀ። የብርጓል የፊት ጥርሷ ከግማሽ ተሰብሮ፣ የላይኛው ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር። ከሰልፍ ብትወጣ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ማውዝፒሱን ገጠመች፤ ትራምፔቱን አነሳች፤ ሳትነፋ ጣቶቿን ብቻ እያንቀሳቀሰች እስከ መጨረሻው ቆመች። ደሙን ትውጠዋለች። እንግዳው በፊት ለፊቷ አልፈው ወደ መድረኩ ሲሄዱ ያየችው ጫማ ብቻ ነው። ማታ በቴሌቪዥን ሲታይ ያ የሲምባል ድምፅ የሙዚቃው አጀማመር ይመስል ነበር፤ ከተመልካቹ ማንም ምንም አላወቀም።

ከንፈሯ በአራት ክር ተሰፋ፤ ጥርሷም ተተካ። ቁስሉ ሲድን ትራምፔቱን ሞከረችው። ዝቅ ያለው ድምፅ ይወጣል፤ ከፍ ስትል ግን ከንፈሯ ይንቀጠቀጥና ትንፋሹ በጎን ያፈተልካል። ሐኪሙ «ነርቩ ተጎድቷል፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» አላት።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ምስጋናው አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። «በልምምድ ወቅት በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ» ይላል።

«አስፈርማት ብለውኛል» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ከፈረምሽ በባንዱ ትቆያለሽ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው ያዩትን?»

«አይቻለሁ። ምን አቅም አለኝ ልጄ?»

አልፈረመችም። በሳምንቱ መዝገብ ቤት ተመደበች።

አምበር ስትሄድ እማሆይ ደብሪቱ ከንፈሯን በጣታቸው ዳሰሱት። መንደሩ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ፣ «የነፋችላቸው ሰዎች ጥርሷን አወለቁት» ይል ነበር። እሳቸው ግን ያን አላነሱም።

«በአንሙት ምክንያት ነው?» ብቻ አሉ።

«አይደለም እማ። ብርድ ነበር፤ ብረቱን ላሞቅ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ እሱ ሲመጣ እንዳትነግሪው።»

ይስማው በየካቲት ደወለላት። ወደ ሩቅ ቦታ ተዛውሯል።

«የሆነውን እንደሆነ አድርጌ ጽፌ ሰጥቻለሁ» አላት። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ የማለት አፍ የለኝም።»

የብርጓልም፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ቆሎዬን በልተሃል» አለችው። «‹ምንድን ነው?› ብትለኝ ምን ነበር?»

«ጊዜ አልነበረም።»

«ነበር። ለአንዲት ቃል ጊዜ ነበር።»

ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት። ከዚያ ለረጅም ሰዓት አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን አላወቀችውም።

የይስማው ጽሑፍ ሳይሠራ አልቀረም። ከፋሲካ በኋላ ወረቀቱ ተለውጦ መጣ፤ «በጥበቃ ሥራ ላይ በተፈጠረ ስህተት» ይላል። ይህን ፈረመች። ወደ ባንዱ እንድትመለስም ተፈቀደላት፤ የትራምፔት ቦታዋ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ጋሽ ምስጋናው ትልቁን ከበሮ አሳዩዋት።

«ትንፋሽ አይፈልግም» አሏት፣ አፍረው።

ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ አጠለቀችና ሁለት ጊዜ መታችው። ድምፁ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ተሰማት።

«ይለመዳል» አሉ ጋሽ ምስጋናው።

«አይለመድም ጋሼ» አለች። «ግን እመታዋለሁ። ያስጀምሩ።»