በዚፕ የሚዘጋ ቤት

ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር በምሠራበት ቪላ ደወል በተደወለ ቁጥር በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ። የራሴ ክፍል በር ግን ቁልፍ አልነበረውም። ልጆቹ ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ ማዳም ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ድመቷ እንኳ በግንባሯ ገፋ አድርጋ ትገባለች። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። የሠራተኛ ክፍል እንደሚንኳኳ ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ባለቤቴ ደግሞ ዓባይ ዳር ባለ የጀልባ ክበብ ዘበኛ ነበር። ከሌላ ዘበኛ ጋር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ያድራል። የእኔ ኢጃዛ፣ የዕረፍት ቀኔ ማለት ነው፣ ከሐሙስ ከሰዓት እስከ ዓርብ ማታ ነው። በዚያች አንዲት ሌሊት እኔ ከአገሬ ሴቶች ጋር ስምንት ሆነን አንድ ክፍል ወለል ላይ እንደረደራለን፤ እሱ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሞልቶናል፤ ትዳራችን ግን በአብዛኛው ያለፈው በወንዙ ዳር መንገድ ስንራመድና የሻይ ሻጮቹ በርጩማ ላይ ስንቀመጥ ነው። ሰርጋችን ላይ ከነበሩት ሰዎች ይልቅ ሻይ ሻጮቹ ያውቁናል።

ነገሩ የተጀመረው ከክበቡ አባላት አንዱ፣ ጡረታ የወጣ ሱዳናዊ መሐንዲስ፣ በትንሿ ባለሸራ ጀልባው ውስጥ ማደር ሲያምረው ነው። ጀልባዋ ጣሪያ የላትም፤ መሐሏ ላይ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ክፍት ቦታ ብቻ አለ። ሽማግሌው በወጣትነቱ ከውጭ ያመጣው የጀልባ መጽሐፍ ነበረው፤ እዚያ ላይ በጀልባ መሐል የተተከለ ድንኳን ሥዕል አይቷል። ባለቤቴ ቀበል አድርጎ፣ «ባለቤቴ ትሰፋዋለች» አለ። እኔ በሕይወቴ የሰፋሁት መጋረጃና የተማሪ ልብስ ብቻ ነው!

ሽማግሌው ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ቁርጡን ነገረን።

«የሰፋው ሰው መጀመሪያ ይደርበት» አለ። «ድንኳኑ ከቆመ፣ እኔ የማልወጣበት ሐሙስ ሁሉ ጀልባዋ የእናንተ ናት። ካልቆመ ሥራውን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላሉት ድንኳን ሰፊዎች እሰጠዋለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሐሙስ ሁሉ! ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ።

ባለቤቴ ጀልባዋን በክንዱ ለክቶ ልኩን በወረቀት ላከልኝ። የሱ ክንድ ከኔ ክንድ በአራት ጣት እንደሚረዝም ትዝ ያለኝ መቀሱን ካነሳሁ በኋላ ነው፤ እግዜር ነው ያተረፈኝ። የምሳውን ዕቃ ካጠብኩ በኋላ ክፍሌ ውስጥ በማዳም የስፌት መኪና ላይ እቀመጣለሁ። ሸራው ወፍራም ነው፤ ሦስት መርፌ ሰበርኩ። አንድ ቀን ማዳም እንደ ልማዷ ዘው ብላ ገባችና ወለሉን የሞላውን ጨርቅ አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቤት ነው» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» ብላ ወጣች።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከጀልባዋ ምሰሶ ጋር የተያያዘችውን አግድም እንጨት ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ሸራውን በላይዋ ላይ መጣል፣ ጠርዙን በየቀለበቱ ከጀልባዋ ጎን ጋር መወጠር ነው። ከፊት፣ በምሰሶው በኩል፣ ድፍን ነው። ከኋላ በር አለው። በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ዚፕ ሰፋሁበት። ዚፑ መጎተቻው በውስጥም በውጭም ነበር፤ የውጭውን በጉጠት ነቅዬ ጣልኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በሩ ከኋላ የሆነው መጽሐፉ ስላለ ነው። መልህቅ የጣለች ጀልባ ፊቷን ወደ ነፋስ ታዞራለች ይላል፤ ስለዚህ ነፋሱ በድፍኑ በኩል ይመታል፣ በሩ ይጠለላል። ባለቤቴ ይህንን እንደ ዳዊት ሸምድዶት ነበር።

የካርቱም ከባድ ሙቀት ካለፈ በኋላ አንድ ሐሙስ ረክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ይዤ ክበቡ ደረስኩ። ባለቤቴ ሽማግሌውን ሲያጅብ አራት ዓመት ጀልባ መንዳት ተምሯል፤ በሚገባ ይነዳል፤ እንዳይኮራብኝ ብዬ አልነገርኩትም። ሁለቱ ዓባዮች ከተገናኙበት አለፍ ብለን፣ የሽንኩርት እርሻ ካለበት ዳርቻ አጠገብ መልህቅ ጣልን። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ደስታዬን ልደብቅ ብሞክርም ፊቴ እሺ አላለኝም።

ድንኳኑን እንደወጠርን ነፋሱ በበሩ ገባ። ሸራው ነፋስ እንደገባበት ቀሚስ ተነፋ። ዚፑን ልዘጋ ሁለቱን ክንፎች ሳገናኝ ነፋሱ ከእጄ ይነጥቀኛል። ባለቤቴ አንዱን ክንፍ ይዞ ይጮኻል፤ እኔ ሌላውን ይዤ እጮኻለሁ። አንድ ቀለበት ተገነጠለ። ከዳር ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ገበሬ አካፋውን ተደግፎ፣

«ያ ጀማዓ! እናንተ ሰዎች፣ ወደ ሐበሻ ልትበሩ ነው እንዴ?» አለን።

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሁለተኛው ቀለበት ሲገነጠል ሐሙሶቼ አብረውት ሲሄዱ ታዩኝ፤ ማልቀስ ቃጣኝ።

«መጽሐፉ እኮ ፊቷን ወደ ነፋስ...» ብሎ ጀመረ።

«የታለ ፊቷ? ተመልከት እስቲ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ የቪላውን አንሶላ ጣሪያ ላይ ያሰጣሁ ሴት ነኝ፤ የካርቱም ነፋስ በዚህ ወቅት ከሰሜን እንደሚመጣ በእጄ አውቀዋለሁ። ወንዙ ደግሞ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ጀልባዋን የያዛት ወንዙ ነው፤ ፊቷን ወደ ደቡብ አዙሯታል፤ ነፋሱ በጀርባዋ በኩል በቀጥታ ወደ በሬ ይገባል። መጽሐፉ የተጻፈው ለሐይቅ ነው፤ ሽማግሌውም በጀልባዋ አድሮ አያውቅም። ባለቤቴ ግን አራት ዓመት ሙሉ ወንዙን ሲጠብቅ ይህን አለማየቱ ይገርመኛል።

«የመልህቁን ገመድ ከፊት ፍታና ከኋላ እሰረው» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጀልባ በቂጧ ታስራ አታውቅም!»

«ዛሬ ታውቃለች። ያላ!»

እያጉረመረመ ገመዱን ፈታ፤ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ እየተንጠላጠለ፣ እግሩን ውሃ እያስነካ፣ ወደ ኋላ ወስዶ አሰረው። ጀልባዋ ቀስ ብላ ዞረች። ነፋሱ ወደ ድፍኑ ዞረና ሸራው ረጋ። ዚፑን ከውስጥ ያዝኩና ከላይ እስከ ታች ሳብኩት፤ ያለ ምንም ግብግብ ተዘጋ።

በማግስቱ ሽማግሌው የሆነውን ሰምቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ጻፈ፤ «ሐሙስ የእናንተ ነው» አለን። ያኔ ማታ ዚፑን ስዘጋ ግን ይህንን አላውቅም። የማውቀው ውስጥ ብቻዬን መሆኔን፣ በሩ መዘጋቱን፣ የሚከፍተውም ከኔ እጅ በቀር እንደሌለ ነው። ዚፑን ትንሽ ከፈትኩት፤ ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት፤ ዘጋሁት። ብቻዬን ሳቅኩ።

ባለቤቴ ከውጭ መጎተቻውን ሲፈልግ ጣቶቹ ሸራውን ሲዳብሱ ይሰማኛል። አጣው። ከዚያ በጣቱ ሸራውን መታ መታ አደረገና፣ እንደ አገራችን ሰው ድምፁን ጎተት አድርጎ፣

«ቤቶች!» አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

«ማን ልበል?» አልኩ።

«የመሸብኝ እንግዳ ነኝ።»

«ቤት የእግዜር ነው» አልኩና ዚፑን ሳብኩለት። «እግርህን ግን ጥረግ። ቤቴን ታረጥብብኛለህ።»